አንድ ሱቅ በሁለት መዝገብ አይተዳደርም

የባሌ ስንዴ ገዢ ለማግኘት ድረ ገጽ አያስፈልገውም። ከሲናና ወይም ከአጋርፋ ለሚጫን ስንዴ ዋጋ የሚቆረጠው በስልክ ነው። ደላላው ይደውላል፣ ገዢው ናሙና ያያል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ መኪናው ይጫናል። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ይህ አካሄድ ዛሬም ይሠራል።

የሐረና ጫካ ቡናና ማር ግን ሌላ ገበያ ነው። በሰነቲ አምባ ላይ በፈረስና በእግር ለሚደረግ ጉብኝት የሚያዘው አልጋም እንዲሁ። የዚህ ገበያ ደንበኛ ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ መሐል ቆሞ አይገኝም። አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ በስልኩ አይቶ፣ በስልኩ ከፍሎ የሚገዛ ነው። ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ሮቤም ሆነ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ጎባ ይህን ደንበኛ ማግኛው አጭሩ መንገድ ድረ ገጽ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ለአካባቢው ስም ተጨማሪ ክብደት ሰጥቶታል።

ስለሆነም ነጋዴው ድረ ገጽ ያሠራል። ይህ የሚደገፍ ነው። ችግሩ የሚመጣው ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ነገር በላዩ ላይ መጨመር ሲጀመር ነው።

ገንዘቡ ገባ፣ ትዕዛዙ ጠፋ

በምሳሌነት አንድ የጎባ ነጋዴ ይታሰብ። ነጋዴው ማርና ቡና የሚሸጥበት ድረ ገጽ አሠርቷል። ገጹ የቆመው ዎርድፕሬስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። የሱቁን ሥራ የሚያከናውንለት ደግሞ ዉኮሜርስ የተባለው ፕለጊን ነው። ፕለጊን ማለት በድረ ገጽ ላይ እየተሰካ ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ዉኮሜርስ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝና በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የሱቅ ፕሮግራሞች አንዱ ነው።

ዓመት ሳይሞላ የነጋዴው የእህት ባል አልጋ ቤት ከፈተ። ፈረስና መሪም አዘጋጀ። “ሌላ ገጽ ከማሠራ በዚሁ ላይ የእኔም ይግባ” አለ። ባለሙያው ተጠርቶ የአልጋና የጉዞ ማስያዣ የሚሆን ሌላ ፕለጊን ሰካ። ይኸኛው ፕለጊን የራሱ ቅርጫት፣ የራሱ የክፍያ ገጽና የራሱ የትዕዛዝ መዝገብ ይዞ የመጣ ነው። እነሆ በአንድ በር የሚገባባቸው ሁለት ሱቆች፣ ሁለት ገንዘብ ተቀባዮችና ሁለት መዝገቦች ተፈጠሩ።

የበዓል ሰሞን ደረሰ። የአዲስ አበባው ደንበኛ ሁለት ሌሊት አልጋ ይይዛል። ለጠጅ የሚሆን ማርም ይጨምራል። የክፍያው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚታየው ማሩ ብቻ ነው። ተመልሶ አልጋውን ሲይዝ ደግሞ ማሩ ከቅርጫቱ ጠፍቷል። ተስፋ ሳይቆርጥ ቢያንስ የማሩን ሒሳብ በቴሌብር ይከፍላል። ገንዘቡ ከሒሳቡ ይወጣል። የማረጋገጫ መልእክቱም ይደርሰዋል። ድረ ገጹ ግን “ክፍያ በመጠበቅ ላይ” እያለ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ዉኮሜርስ የዕቃ ክምችት ቁጥጥሩ በርቶ እንደሆነ፣ ያልተከፈለበትን ዕቃ ለገዢው ይዞ የሚያቆየው ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር ለ60 ደቂቃ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ትዕዛዙን ራሱ ይሰርዛል። ማሩንም ለሌላ ገዢ ይለቀዋል። ደንበኛው “ከፍያለሁ፣ ይኸው መልእክቱ” ይላል። ነጋዴው “መዝገቤ ላይ የሉም” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተጣሉት ሰዎቹ ሳይሆኑ ፕሮግራሞቹ ናቸው። የሚጠፋው ገንዘብና የሚበላሸው ስም ግን የሰዎቹ ነው።

ጠቡ ከየት ይነሳል?

ሁለት ደላሎች ሳይነጋገሩ አንድ ጭነት ለሁለት ገዢ ሲያስማሙ የሚሆነውን የሮቤ ነጋዴ ያውቀዋል። ሁለቱም ደላሎች በየበኩላቸው ሥራቸውን ሠርተዋል። ሁለቱም ኮሚሽን ይጠብቃሉ። ጭነቱ ግን አንድ ነው። በድረ ገጽ ላይ የሚታየውም የፕለጊኖች ጠብ ከዚህ አይለይም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱም ፕለጊን ለብቻው የተበላሸ አይደለም። የሚበላሹት አንድ ሥራ ለሁለት ሲይዙ ነው።

የመጀመሪያው የጠብ ምንጭ የቦታ ሽሚያ ነው። ሁለቱም ፕለጊኖች የክፍያውን ገጽ የራሳቸው ማድረግ ይፈልጋሉ። አንዱ የስልክ ቁጥር መጻፊያ ሲጨምር ሌላው ያነሳዋል። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ተግባር የሚጠሩትን የጃቫስክሪፕት ጽሑፍ በተለያየ ዕትም ይዘው ከመጡ ደግሞ “ክፈል” የሚለው ቁልፍ ቢጫኑት ቢጫኑት የማይንቀሳቀስ ይሆናል። ደንበኛው ኔትወርኩ የዘጋው ይመስለውና ትቶ ይሄዳል። ነጋዴው ደንበኛ እንደመጣና እንደሄደ እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛው የዕድሜ ልዩነት ነው። ዉኮሜርስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በወጣው 8.2 ዕትሙ ለአዳዲስ ሱቆች የትዕዛዝ መዝገቡን ከዎርድፕሬስ የጋራ ሠንጠረዦች አውጥቶ ለብቻው ወደ ተዘጋጁ ሠንጠረዦች አዛወረ። በቀጣዩ ወር በወጣው 8.3 ዕትም ደግሞ የአዳዲስ ሱቆች ቅርጫትና የክፍያ ገጽ በአዲስ አሠራር እንዲቆም አደረገ። ሁለቱም ለውጦች ሥራውን የሚያፋጥኑ ናቸው። ነገር ግን ቀደም ብሎ የተጻፈና ያልታደሰ ፕለጊን ትዕዛዝ የሚፈልገው በድሮው ቦታ ነው፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ምንም የለም። በድሮው አሠራር የተጻፈ የክፍያ ፕለጊንም በአዲሱ የክፍያ ገጽ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ነጋዴው “በቴሌብር መክፈል ይቻላል” ብሎ ያስተዋውቃል፤ ደንበኛው ገጹን ሲከፍት የቴሌብር ምልክት የለም።

ሦስተኛው የመልስ መልእክቱ መንገድ ላይ መቅረት ነው። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ የክፍያው ድርጅት ኮምፒዩተር ለድረ ገጹ “ገንዘቡ ገብቷል” የሚል መልእክት ይልካል። ለጥበቃ ሲባል የተሰካ ሌላ ፕለጊን ይህን መልእክት እንደ ሰርጎ ገብ ቆጥሮ በር ላይ ከመለሰው ትዕዛዙ እንዳልተከፈለ ሆኖ ይቀራል። ከላይ የተጠቀሰው የ60 ደቂቃ ጣጣም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አራተኛው ገጹን ለማፍጠን የሚሰካው ፕለጊን ነው። ይህ ፕለጊን አንድ ጊዜ የተከፈተውን ገጽ ቅጂ ይዞ ለሚቀጥለው ጎብኚ ያንኑ ያሳያል። ስለ ሐረና ጫካ ለሚያወራ ጽሑፍ ይህ ጥሩ ነው። የግዢ ቅርጫትና የክፍያ ገጽ ቅጂ ከተያዘ ግን የአንዱ ደንበኛ ቅርጫት ለሌላው ይታያል። ስለዚህ ቅርጫቱ፣ የክፍያ ገጹና የደንበኛው የግል ገጽ ቅጂ ከሚያዝባቸው ገጾች ውጪ መደረግ አለባቸው።

አምስተኛውና ኪስ የሚጎዳው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። ውጭ ላለው ወገን ዋጋውን በዶላር የሚያሳይ ፕለጊን ይሰካል። የክፍያው ፕለጊን የሚያውቀው ብር ብቻ ነው። ሁለቱ ካልተግባቡ በዶላር 20 የተባለው ቡና በ20 ብር ሊከፈልበት ይችላል። ቢግባቡ እንኳ እያንዳንዱ የራሱን የምንዛሪ ተመን ይዞ ከሆነ ልዩነት ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በንግድ ባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ የዘለለው በአንድ ቀን ነበር። በዚያን ዕለት አንደኛው ፕለጊን በድሮው፣ ሌላኛው በአዲሱ ተመን የሚያሰላ ገጽ ቢኖር፣ በ20 ዶላር ትዕዛዝ ላይ በ1,140 ብርና በ1,480 ብር መካከል የ340 ብር ልዩነት ይፈጠር ነበር። አሥር ትዕዛዝ ቢመጣ 3,400 ብር ነው። ይህ ከማሩ ትርፍ ላይ የሚነሳ ገንዘብ ነው።

“ሁለት ባላ ትከል” ሲባል

“ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” የሚለው ምክር በነጋዴው ዘንድ ተቀባይነት አለው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር፣ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲከተል ነጋዴው አማራጭ አገኘ። አንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው መቀበል አስተዋይነት ነው። ታዲያ በድረ ገጽ ላይስ ለምን ሁለት አይተከልም? የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው።

መልሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ከመለየት ይጀምራል። ለደንበኛው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት የመክፈያ መንገድ ማቅረብ አንድ ነገር ነው። የክፍያውን ገጽና የትዕዛዙን መዝገብ ለሁለት ባለቤት መስጠት ሌላ ነገር ነው። ዉኮሜርስ ራሱ ከአንድ በላይ የመክፈያ መንገድ እንዲያስተናግድ ሆኖ የተሠራ ነው። በወጉ የተጻፉ ሁለት የክፍያ ፕለጊኖች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። ሁለት ቅርጫት፣ ሁለት የክፍያ ገጽና ሁለት መዝገብ ግን አብረው አይኖሩም። ባላው ሁለት ይሁን፤ ጎጆው ግን አንድ ነው።

የአገሪቱ ባንኮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። የክፍያ ማሽኖች በተበራከቱበት ጊዜ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን አይሠራም ነበር። አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስን በጋራ መሥርተው ወጪውንም ማሽኑንም ተካፈሉ። ያም ሆኖ ከእነርሱ ስብስብ ውጪ ያለው ባንክ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ቀረ። መፍትሔ የተገኘው የባንኮች የጋራ መተላለፊያ የሆነው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ ሁሉንም በመሐል ሲያገናኝ ነው። ባንኮቹ ማሽኖቻቸውን አልጣሉም። ሁሉም የሚያልፍበትን አንድ መሐል ግን ተቀበሉ።

ለድረ ገጹ ባለቤትም ተመሳሳይ መንገድ ተከፍቷል። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይን የመሰሉ የክፍያ መተላለፊያዎች የተለያዩ የሞባይል ገንዘብና የባንክ አማራጮችን በአንድ መስኮት ያቀርባሉ። ነጋዴው ለእያንዳንዱ ባንክ የተለየ ፕለጊን ከሚሰካ በአንድ መተላለፊያ ቢጠቀም የሚጣሉት ፕሮግራሞች ቁጥር ይቀንሳል። ኮሚሽኑን አወዳድሮ መምረጥ የራሱ ፈንታ ነው። መተላለፊያው ሲቋረጥ በስልክ ታዞ በአካል የሚከፈልበትን መንገድ ክፍት ማድረግ ደግሞ ሁለተኛው ባላ ነው። ይህ ባላ ምንም ፕለጊን አይፈልግም።

ሦስተኛው ፕለጊን መድኃኒት አይደለም

ጠብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ አስታራቂ ተብሎ ሦስተኛ ፕለጊን መጨመር ነው። አንዳንዴ ይሠራል። የሚሠራው ግን ሁለቱ ፕለጊኖች ሳይለወጡ እስከቆዩ ድረስ ነው። ከሁለቱ አንዱ በታደሰ ማግስት አስታራቂው ራሱ የጠቡ ተካፋይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ሁለት ሳይሆን ሦስት ፕሮግራም፣ ሁለት ሳይሆን ሦስት ባለሙያ ማስታረቅ ይጠበቅበታል።

ሌላው የተለመደ “መፍትሔ” ማሻሻያን መተው ነው። “እየሠራ ያለን ነገር አትንካ” ይባላል። ይሁንና ማሻሻያዎች የሚወጡት ለጌጥ አይደለም፤ ብዙዎቹ የጥበቃ ቀዳዳ ይደፍናሉ። የደንበኛ ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘን ገጽ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መተው ጎተራን ሳይቆልፉ መተኛት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት የገጹ ፋይልና የመረጃ ቋቱ ሙሉ ቅጂ ይያዝ። ቅጂው ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሙከራው በሚሸጠው ገጽ ላይ አይደረግ። ከድረ ገጹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የሙከራ ገጽ ይዘጋጅና እዚያ ላይ ይሠራ። ይህ የማይቻል ከሆነ ዎርድፕሬስ በነፃ የሚያቀርበው ኸልዝ ቼክ የሚባል ፕለጊን አለ። ይህ ፕለጊን ሌሎቹን ፕለጊኖች የሚያጠፋቸው ለሚፈትሸው ሰው ብቻ ነው፤ ደንበኛው ገጹን እንደነበረ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ ጠበኛው በግምት አይፈለግ። የሱቁ ፕለጊን ብቻ በርቶ ሌላው ሁሉ ይጥፋ፤ የገጹ ገጽታም ወደ መደበኛው ይመለስ። ግዢው ከተሳካ ጥፋቱ ከጠፉት ውስጥ ነው። ከዚያም አንድ በአንድ እያበሩ መሞከር ነው። ፕለጊኖቹ ብዙ ከሆኑ ግማሽ በግማሽ መክፈል ይቀላል። ለምሳሌ 16 ቢሆኑ መጀመሪያ 8ቱ ይበራሉ። ችግሩ ከታየ በእነርሱ ውስጥ ነው፤ ካልታየ በቀሩት 8 ውስጥ ነው። ከዚያ 4፣ ከዚያ 2 እያለ በ4 ሙከራ ጠበኛው ይያዛል። እህል ነጋዴ የነቀዘው ጆንያ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጭነቱን ሁሉ አያራግፍም፤ ፕለጊንም እንደዚያው ነው።

አራተኛ፣ ማስረጃ ይሰብሰብ። ዉኮሜርስ “ሁኔታ” በሚለው ክፍሉ ውስጥ የስህተቶች መዝገብ ይይዛል። ከአዲሱ የትዕዛዝ አቀማመጥ ጋር የማይስማሙ ፕለጊኖችንም ለይቶ ያሳያል። ባለሙያው “ከኔትወርክ ነው” ሲል ነጋዴው ይህን መዝገብ እንዲያሳየው መጠየቅ ይችላል። መዝገቡን ለማየት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ነገሩ እስኪለይ ድረስ በየቀኑ ማምሻውን ሒሳብ ይመሳከር። የክፍያ ድርጅቱ የላከው ዝርዝርና የድረ ገጹ የትዕዛዝ ዝርዝር ጎን ለጎን ይቀመጡ። በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለ ስም ሁሉ አንድ ያልተፈታ ጠብ ነው። ደንበኛው ስልክ ሳይደውል ነጋዴው ቀድሞ ከደወለለት ስሙ ይተርፋል።

የትኛው ይቅር?

ጠበኞቹ ከታወቁ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ የነጋዴው ነው። ባለሙያው የሚመክረው ለራሱ የሚቀለውን እንዲቀር ሊሆን ይችላል። ነጋዴው መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። የትኛው ነው ገንዘብ የሚያስገባው? የትኛውስ ነው ሌላውን ሥራ ሳይነካ በሌላ ነገር ሊተካ የሚችለው? የትኛው ነው በየጊዜው የሚታደስ ሠሪ ያለው? ለአንድ ዓመት ያልታደሰ ፕለጊን ዛሬ ቢሠራ እንኳ ነገ ጠበኛ መሆኑ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የወጣው ወጪ ነው። “የዓመት ፈቃድ ከፍዬበታለሁ” ይባላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ለፈቃዱ የተከፈለው ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም፤ በየበዓሉ የሚጠፋው ደንበኛ ግን ገና የሚከፈል ዕዳ ነው።

የሚወጣው ፕለጊን ደግሞ በድንገት አይነቀል። አንዳንዶቹ ሲሰረዙ መዝገባቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ትዕዛዞቹ አስቀድመው ወደ ኤክሴል ፋይል ይውጡ። ለሚመጡት ወራት የተያዙ አልጋዎችም አንድ በአንድ በእጅ ወደ ቀሪው መዝገብ ይዛወሩ። በጥር ተይዞ በሚያዝያ የሚመጣ እንግዳ በመሐል ፕለጊን መቀየሩን አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ሁለቱም የማይቀሩ ከሆነስ? ማሩም የሚሸጥ፣ አልጋውም የሚያዝ ከሆነ ይለያዩ። በአንድ የድረ ገጽ ስም ሥር ለአልጋው የተለየ ንዑስ አድራሻ ተከፍቶ፣ በራሱ ዎርድፕሬስና በራሱ መዝገብ ይቁም። ከዋናው ገጽ ላይ በአንድ ቁልፍ መገናኘት ይችላሉ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ መክፈሉ እውነት ነው፤ ነጋዴውም ሁለት ገጽ ማደስ ይኖርበታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍያ የሚገባበት መዝገብ የታወቀ ይሆናል። የባሌ ገበሬ በአካባቢው አጠራር ከመጋቢት ጀምሮ ባለው “ገና”፣ ከነሐሴ ጀምሮ ባለው “ቦና” በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ሁለቱን ሰብል ግን በአንድ ቀን በአንድ ማሳ ላይ አይዘራም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚሠራው ነጋዴው የገጹ ባለቤት ከሆነ ነው። የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ ለሌላ ሰው የማይሰጥ ነጋዴ የድረ ገጹን ቁልፍ ለባለሙያው ትቶ ከተቀመጠ ባለቤትነቱ የስም ብቻ ነው። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በማን ነው? ገጹ የተቀመጠበት አገልግሎት የሚከፈለው በማን ሒሳብ ነው? ዋናው የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? ባለሙያው ስልኩን ቢዘጋ ወይም አገር ቢለቅ ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ገጹ ከመሠራቱ በፊት በውል ላይ መስፈር አለባቸው።

በውሉ ላይ ሌላም ይጨመር። አዲስ ፕለጊን ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይሰካ፣ ማሻሻያ በሙከራ ገጽ ላይ ሳይፈተሽ እንዳይገባ፣ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላም የሙከራ ግዢ እንዲደረግ ይጻፍ። የባለሙያው ክፍያ የመጨረሻ ክፍል የሚለቀቀው በሁሉም የመክፈያ መንገድ እውነተኛ ግዢ ተደርጎ ገንዘቡም ትዕዛዙም መድረሱ ከታየ በኋላ ይሁን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ካለ ሕጉን ያስታውስ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። የድረ ገጹ የትዕዛዝ መዝገብ እንግዲህ የማስታወሻ ደብተር አይደለም፤ ክርክር ቢነሳ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። አንዱ መዝገብ “ተከፍሏል”፣ ሌላው “ተሰርዟል” የሚል ነጋዴ በራሱ ላይ ሁለት ምስክር ያቆማል።

የባሌ ማርና ቡና ጥራቱን ለማስመስከር ድረ ገጽ አያስፈልገውም ይሆናል። ሐረናን አይቶ የማያውቀው ደንበኛ ግን የማሩን ጣዕም ከመቅመሱ በፊት የሚቀምሰው የክፍያውን ገጽ ነው። የሚቀጥለው በዓል ከመድረሱ በፊት ነጋዴው ራሱ ከገዛ ገጹ ላይ አንድ ኪሎ ማር ይግዛ። በቴሌብር አንድ ጊዜ፣ በባንክ አንድ ጊዜ፣ ከጎባ ውጪ ካለ ዘመድ ስልክ ደግሞ አንድ ጊዜ ይሞክረው። ሦስቱም ግዢዎች በአንድ መዝገብ ላይ ከተገኙ ሱቁ ክፍት ነው። አንዱ ከጠፋ ግን ማስታወቂያውን አቁሞ ጠበኛውን ይፈልግ።